ካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ኢኤስ ፕላስ፦ ለትልልቅ ቁጥሮች ምን ያህል ይታመናል?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ኢኤስ ፕላስ የተባለውን ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ነው። የምመዝነውም ተማሪዎች ዘወትር በሚፈልጉት በሳይንና በኮሳይን፣ በሎጋሪዝም ወይም በስታቲስቲክስ ሥራው አይደለም፤ ትልቅ ኮምፖዚት ቁጥር ሲሰጠው ስለዚያ ቁጥር ምን ሊነግረን ይችላል በሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። ኮምፖዚት የሚባለው ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ከ1 በልጦ እንዲህ ያለ አካፋይ የሌለው ደግሞ ፕራይም ይባላል። ድሬዳዋ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ፤ የቁጥር ዓይነቶች ትምህርት ላይ ስንደርስም ካልኩሌተሩ ከየቦርሳው ይወጣና ቁጥር መተንተን ይጀመራል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዕቃው ለገንዘቡ የሚመጥን ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚያወጣውን ቅንፍ ትርጉም ሳያውቅ የሚጠቀምበት ሰው የተሳሳተ መልስ በሙሉ ልብ ይጽፋል።

የገዛሁት ታይዋን ከሚባለው ገበያ ነው። ሻጩ ወጣት ልጅ ሲሆን፣ ካርቶኑን ከመደርደሪያው አውርዶ «አቦ መምህር፣ ይሄ እኮ 417 ነገር ይሠራል!» አለኝ። 417 የተባለው አምራቹ ራሱ የመዘገበው የተግባራት ብዛት ስለሆነ ልጁ አላጋነነም፤ ከእነዚህ መካከል አብዛኛዎቹን ግን ሻጩም፣ እኔም፣ ተማሪዎቼም ሳንነካቸው ዕድሜያችን ያልቃል። ከጎኑ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ፣ መልኩ ቁርጥ እርሱን የመሰለ ሌላ ካልኩሌተር ተደርድሮ ነበር፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ለቁጥር ትንተና የተሠራው ተግባር ፋክት ይባላል። ቁጥሩን ጽፎ የእኩል ይሆናል ምልክቱን ከተጫኑ በኋላ ሺፍትን፣ ቀጥሎም የዲግሪና የደቂቃ ምልክት ያለበትን ቁልፍ መጫን ነው፤ ለምሳሌ 1014 ቢሰጠው ወዲያውኑ 2×3×13² ብሎ ያወጣል። ገደቡ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ከ10 አሃዝ የሚበልጥ ቁጥር አይቀበልም፤ የሚያወጣቸው ፕራይም ፋክተሮችም (ፕራይም የሆኑ አካፋዮች) ከሦስት አሃዝ አይበልጡም። ከ1000 በታች 168 ፕራይሞች አሉ፤ የመጨረሻው 997 ነው። ካልኩሌተሩ እነዚህን ሞክሮ የተረፈውን፣ ሊተነትነው ያልቻለውን ክፍል በቅንፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ተማሪው ቅንፉን «ፕራይም ነው» ብሎ ሲያነበው ነው። ለመፈተን ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። መጀመሪያ 1018081 ስንሰጠው መልሱ ያው ራሱ 1018081 በቅንፍ ሆኖ ይወጣል፤ ቁጥሩ ግን 1009 በ1009 ተባዝቶ የተገኘ ኮምፖዚት ነው። ቀጥሎ 2147483647 ስንሰጠው እንደገና ቁጥሩ ራሱ በቅንፍ ይወጣል፤ ይህኛው ግን ከ2³¹ አንድ የሚያንሰው፣ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕራይምነቱን ያረጋገጠው ቁጥር ነው። በስክሪኑ ላይ በሁለቱ መካከል አንዳች ልዩነት አይታይም። ስለዚህ ቅንፉ የሚናገረው ካልኩሌተሩ የት ላይ እንዳቆመ ብቻ ነው፤ ስለ ቁጥሩ ባሕርይ የሚሰጠው ፍርድ የለም። ከ997 ቀጥሎ ያለው ፕራይም 1009 በመሆኑ፣ ከትንተናው የተረፈው ቁጥር ከ1018081 ካነሰ ፕራይም መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ካልኩሌተሩም ይህን ስለሚያውቅ ያለ ቅንፍ ያሳየዋል። ቁጥሩ 1018081 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በቅንፉ ውስጥ አንድ ፕራይም፣ የሁለት ፕራይሞች ብዜት፣ አልፎ አልፎም የሦስት ብዜት ሊኖር ይችላል፤ 1009 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1027243729 ስለሚሆን በ10 አሃዝ ውስጥ ይገባልና። ከሦስት በላይ ግን ሊኖር አይችልም። ይህን ያህሉን ብቻ ማስረዳት ከተማሪዎች ደብተር ላይ ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ቅንፉ በትክክል ከተነበበ ግን የሥራ መነሻ ይሆናል፤ ለዚህ የምመርጠው ምሳሌ 4294967297 ነው። ይህ ከ2³² በአንድ የሚበልጥ ቁጥር ልክ 10 አሃዝ ስላለው ካልኩሌተሩ እስከ ጫፉ የሚቀበለው ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፈርማ ከ1640 ጀምሮ በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537፣ ማለትም ከ2¹፣ ከ2²፣ ከ2⁴፣ ከ2⁸ እና ከ2¹⁶ በአንድ የሚበልጡት፣ ፕራይም መሆናቸውን አይቶ፣ በዚያው ሥርዓት የሚቀጥሉት ሁሉ ፕራይም እንደሚሆኑ ገምቶ ነበር፤ ቀጣዩ ደግሞ ይኸው 4294967297 ነው። ኦይለር በ1732 በ641 እንደሚካፈል አሳየና ግምቱ ፈረሰ። ካልኩሌተሩ ይህንኑ በቅጽበት 641×(6700417) ብሎ ያወጣዋል። አሁን ጥያቄው በቅንፍ ያለው 6700417 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

በደፈናው ለሚሠራ ሰው የ6700417 ስኩዌር ሩት 2588 ገደማ ስለሆነ፣ ከ1000 እስከ 2588 ያሉትን ፕራይሞች ሁሉ አንድ በአንድ ማካፈል ሊኖርበት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ማካፈል ይሆናል። ነገር ግን ሌላው ፈረንሳዊ ሉካ በ1878 ያረጋገጠው ሕግ አለ፦ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ የ128 ብዜት ላይ 1 ተደምሮበት የሚገኝ መሆን አለበት። 641 ራሱ 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ነው። በሕጉ መሠረት ከ1000 በላይና ከ2588 በታች ያሉት እጩዎች 1025፣ 1153፣ 1281፣ 1409፣ 1537፣ 1665፣ 1793፣ 1921፣ 2049፣ 2177፣ 2305፣ 2433 እና 2561 ብቻ ናቸው። እነዚህን አሥራ ሦስቱን ራሳቸውን በፋክት ብንተነትናቸው አሥራ አንዱ ኮምፖዚት ሆነው ይወድቃሉ፤ 1537 ለምሳሌ 29×53 ነው፣ 1921 ደግሞ 17×113 ነው። የሚቀሩት 1153 እና 1409 ናቸው። 6700417 ለ1153 ሲካፈል 5811 ደርሶ 334 ይተርፋል፤ ለ1409 ሲካፈል 4755 ደርሶ 622 ይተርፋል። በቃ፤ 6700417 ፕራይም መሆኑ ተረጋገጠ። ከሁለት መቶ በላይ ማካፈል ወደ ሁለት የወረደው በካልኩሌተሩ ፍጥነት ሳይሆን በሉካ ሕግ ነው፤ ካልኩሌተሩ ያደረገው ከ1000 በታች ያለውን ጠርጎ ማቀበል ነው። በዚህ ረገድ የተጣለበትን ሥራ ያለ ነቀፋ ይወጣል።

ከዚህ አንድ ደረጃ ብንወጣ፣ ማለትም ከ2⁶⁴ በአንድ ወደሚበልጠው ቁጥር ብንሄድ፣ 18446744073709551617 ባለ 20 አሃዝ ስለሆነ ፋክት ከእንግዲህ አይረዳም፤ ስክሪኑም 1.844674407×10¹⁹ ብሎ ያሳጥረዋል። ላንድሪ የተባለ ሰው በ1880፣ በ82 ዓመቱ፣ ያለ ምንም ማሽን 274177 የዚህ ቁጥር ፋክተር መሆኑን አግኝቷል።

እንዲህም ሆኖ ካልኩሌተሩ ከ10 አሃዝ በላይ ለሆነ ሥራ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሚያሳየው 10 አሃዝ ብቻ ቢሆንም በውስጡ የሚያሰላው በ15 አሃዝ ነው፤ የተደበቁትን አምስት አሃዞች ማውጣት ለሚችል ሰው ዕቃው ከሚታየው በላይ ዋጋ አለው። ለዚህም የምጠቀምበት ቁጥር 2⁶⁷ − 1 ነው፤ ሲጻፍ 147573952589676412927 ይሆናል። ሜርሴን የተባለው መነኩሴ በ1644 ፕራይም ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ አንዱ ነበር። ሉካ በ1876 ኮምፖዚት መሆኑን አሳየ፤ ነገር ግን አንድም ፋክተር ሊሰጥ አልቻለም። ፋክተሮቹ የታወቁት ከ27 ዓመት በኋላ ነው፦ በጥቅምት 1903 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኮል የተባለው አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በኒው ዮርክ በተደረገው የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ 193707721 እና 761838257287 መሆናቸውን አቀረበ። እንደሚተረከው አንድ ቃል ሳይናገር በጥቁር ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ 2⁶⁷ − 1ን፣ ቀጥሎ የሁለቱን ፋክተሮች ብዜት አስልቶ፣ ሁለቱ መልሶች እኩል ሲመጡ ወደ መቀመጫው ተመልሷል።

ይህን የኮልን ማባዛት በዚህ ካልኩሌተር ላይ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለተኛውን ፋክተር ለሁለት ከፍሎ 761838 እና 257287 ማድረግ ነው። መጀመሪያ 193707721 በ257287 ሲባዛ ስክሪኑ 4.983847841×10¹³ ያሳያል፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ተሰውረዋል። ከዚህ ላይ የመጨረሻውን መልስ የሚይዘውን የአንስ ቁልፍ ተጠቅመን 4.98384×10¹³ ስንቀንስ 78412927 ይወጣል፤ ስለዚህ ሙሉው ውጤት 49838478412927 ነው። ቀጥሎ 193707721 በ761838 ሲባዛ 1.475739028×10¹⁴ ይላል፤ 1.475739×10¹⁴ ስንቀንስለት 2751198 ይተርፋል፤ ሙሉው 147573902751198 ማለት ነው፤ ይህም ልክ 15 አሃዝ፣ የካልኩሌተሩ የአቅም ጫፍ ነው። ሁለተኛውን ውጤት ስድስት ዜሮ ጨምሮበት ከመጀመሪያው ጋር በወረቀት መደመር ነው፤ 147573952589676412927 ይመጣል። የመደመሩን ሥራ ለተማሪዎቹ እተወዋለሁ። ስድስቱ የመጨረሻ አሃዞች 412927 ሆነው ሲገጥሙ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ጫጫታ ከአንድ የዋንጫ ጨዋታ ጎል አያንስም።

ሉካ ፋክተር ሳያገኝ ኮምፖዚትነትን እንዴት አወቀ የሚለው ጥያቄ ከተማሪ ሁሉ የሚመጣ ነው፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ከእርሱ ዘዴ የመነጨውን፣ ኋላ ሌመር የተባለው የሒሳብ ሊቅ ያቀለለውን ፈተና በትንሽ ቁጥር ላይ በካልኩሌተሩ ማሳየት ይቻላል። ከ4 እንነሳለን፤ በየደረጃው ቁጥሩን በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን፤ ከዚያ በምንመረምረው ቁጥር አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። የምንመረምረው 2¹¹ − 1፣ ማለትም 2047 ከሆነ፣ ከ4 ተነስተን 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282 እና 1736 እናገኛለን። ፈተናው ከ11 ሁለት ቀንሶ 9 ደረጃ ይጠይቃል፤ ዘጠነኛው ላይ ዜሮ ቢመጣ ኖሮ 2047 ፕራይም ነበር፤ የመጣው 1736 ስለሆነ ኮምፖዚት ነው። እስካሁን አንድም አካፋይ አላየንም። ከዚህ በኋላ 2047ን ለፋክት ስንሰጠው 23×89 ይላል። አንድ ቁጥር አካፋይ እንዳለው ማወቅና አካፋዩን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ የክፍል ሙከራ አላገኘሁም። ካልኩሌተሩ ቀሪ ብቻ የሚያወጣ ቁልፍ ስለሌለው ግን በየደረጃው አካፍሎ፣ ከነጥቡ በፊት ያለውን አንብቦ፣ በ2047 አባዝቶ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህ አሰልቺ ነው፤ በእኔ እይታ የዕቃው ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው።

ይህ ልዩነት የቆየ ታሪክ ብቻ አይደለም። 2¹²⁷⁷ − 1 ባለ 385 አሃዝ ቁጥር ሲሆን ኮምፖዚት መሆኑ በእርግጠኝነት ይታወቃል፤ ፋክተሩን ግን ያገኘ ሰው የለም። አርኤስኤ የሚባለው የምሥጢር መቆለፊያ ዘዴም ከ1977 ጀምሮ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፦ ሁለት ትልልቅ ፕራይሞችን ማባዛት ቀላል ሲሆን ከብዜቱ ተነስቶ እነርሱን ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። አርኤስኤ-250 የተባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር በየካቲት 2020፣ አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሲተነተን አንድ የኮምፒዩተር ኮር ብቻውን ቢሠራው 2700 ዓመት ገደማ የሚፈጅበትን ሥራ ጠይቋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ባለ 2048 ቢት ቁጥር ደግሞ 617 አሃዝ አለው። የእኛ ካልኩሌተር ከእንዲህ ያለው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ስኬሉን ለማስረዳት ያህል ግን ይጠቅማል፤ 69 ፋክቶሪያልን (ከ1 እስከ 69 ያሉትን ቁጥሮች ብዜት) አስልቶ 70 ላይ ስሕተት ብሎ ሲቆም፣ ተማሪው 100 አሃዝ ምን ማለት እንደሆነ በእጁ ያየዋልና።

ስለ አሠራሩ ብዙ የምለው የለም። ቁልፎቹ ጠንካራ ናቸው፤ ስክሪኑ ክፍልፋይንና ፓወርን በመጽሐፍ እንደሚጻፉት አድርጎ ያሳያል፤ ኃይሉን ከፀሐይ ብርሃንና ከአንዲት የሰዓት ባትሪ ያገኛል፤ ፀሐይ ደግሞ በእኛ ከተማ አይቸግርም። ሙቀቱ ግን ይታሰብበት፤ መመሪያው ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሠራበት ስለሚያዝ፣ በቀትር በቆመ ባጃጅ መስታወት ሥር ወይም በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ አይገባም።

ስልክ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በፈረንሳይ ቦርዶ የተጀመረው ፓሪ/ጂፒ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ስልክ ላይም ይጫናል፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከ2¹²⁸ በአንድ የሚበልጠውን ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ሳይውል ሳያድር ይተነትናል። ይህ ሞሪሰንና ብሪልሃርት በ1970 በትልቅ ኮምፒዩተር የፈቱት ቁጥር ነው። ውጤቱን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ስልኩ ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ስልክ በማይፈቀድበት ክፍል ግን የሚቀረው ካልኩሌተሩ ነው፤ ደግሞም ፕሮግራሙ ሁሉን ሠርቶ ስለሚያቀርብ ተማሪው በ1153 እና በ1409 ማካፈሉን አያይም።

ወደ ግማሽ ዋጋው ካልኩሌተር ልመለስ። ሻጩን አስፈቅጄ በሁለቱም ላይ የኮልን የመጀመሪያ ማባዛት ሠራሁ። ካሲዮው 78412927 ሲል፣ ተመሳሳዩ 78412900 አለ፤ ማለት በውስጡ የሚያሰላው በ12 አሃዝ ብቻ ነው። ፋክት የሚል ጽሑፍ በቁልፉ ላይ ቢኖርም ሲጫኑት ምንም አልሠራም። ለሱቅ ሒሳብና ለሳይን ኮሳይን ያገለግል ይሆናል፤ ለቁጥር ትንተና ግን አይገዛም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ባለው ስም ሳይተማመኑ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት 4294967297 ጽፈው ፋክትን ይጫኑ፤ 641×(6700417) ካላለ ወይም የማባዛቱ ጭራ በዜሮ ከተሞላ፣ ዕቃውን ለሻጩ መልሰው ቀጣዩን ሱቅ ይጠይቁ።